ፓርሰንስን ሰጥተን ምን አገኘን? ስለ ትሬድና ድራፍት ለጠየቃችሁኝ

እኔ ባለሁበት ዳላስ፣ ጨዋታ ለማየት በተሰበሰብን ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ካውቦይስ ኮከብ ተከላካዩን ማይካ ፓርሰንስን ለግሪን ቤይ ፓከርስ በትሬድ፣ ማለትም በልውውጥ፣ አሳልፎ መስጠቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ እንጣላለን። ባለፈው ሰሞን "ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ" ብዬ ነበር፤ የመጡት ከጠበቅኩት በላይ ሆኑ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ልናገር፤ የካውቦይስ ደጋፊ ነኝ፤ ገለልተኛ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እኔ የማውቀው ኳስ የእንግሊዙን ነው። ተጫዋቹን ለምን እንደ ሰው በገንዘብ አይሸጡትም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊቨርፑል ቫን ዳይክን ከሳውዝሃምፕተን ሲወስድ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ አለቀ። እዚህ ግን ቡድኖቹን የቸገራቸው ገንዘብ አይደለም። ትልቁን የቴሌቪዥን ገንዘብ እኩል ይካፈላሉ። የቸገራቸው የደመወዝ ቦታ ነው። ሊጉ በየዓመቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት የደመወዝ ጣሪያ ያወጣል፤ ሳላሪ ካፕ የሚሉት ነው። በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 53 ተጫዋች በዚያ ውስጥ ተጨናንቆ ይገባል።

ስለዚህ ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ወይም በድራፍት ተራ ነው። ድራፍት ማለት በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከኮሌጅ የወጡ ልጆች የሚመረጡበት ነው። ሰባት ዙር አለው። 32 ቡድኖች በየተራ ይመርጣሉ፤ ውራ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል። ያቺን ተራ ነው ፒክ የምንላት። አንደኛ ዙር ላይ የተመረጠ ልጅ ቢበዛ ለአምስት ዓመት በርካሽ ይጫወትልሃል። ዋጋዋ እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እስቲ ያለ ብዙ ወሬ ንገረን። ምን ሰጠን? ምን ተቀበልን?

መልስ፦ ኦገስት 28 ቀን 2025፣ ሲዝኑ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ፓርሰንስን ሰጠን። የፓከርስን የ2026 እና የ2027 አንደኛ ዙር ፒኮች ተቀበልን። ኬኒ ክላርክ የሚባል በመሃል የሚሰለፍ ግዙፍ ተከላካይም መጣ። ፓከርስ ለፓርሰንስ ወዲያው የአራት ዓመት ውል በ188 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። በዓመት 47 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው) ላልሆነ ተጫዋች እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ክፍያ አልነበረም።

የሰጠነው ደግሞ ማን ነው? በአራት ሲዝን 52.5 ሳክ ያለው ልጅ። አዲስ ለሆናችሁ፣ ሳክ ማለት ኳርተርባኩን ኳሱን ሳይወረውር መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። በአራቱም ዓመት ከ12 በታች ወርዶ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ፒክ ፒክ ትላላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ነው። የሬይደርስን ታሪክ ልንገርህ። በ2018 ካሊል ማክ የሚባል አስፈሪ ተከላካይ ነበራቸው። ደመወዝ ላይ አልተስማሙም። ሲዝኑ ሊጀመር ሲል ለቺካጎ ቤርስ ሰጡት። ዋናው ልውውጥ የ2019 እና የ2020 አንደኛ ዙር ፒኮች ነበሩ። ከማክ ጋር ሁለተኛ ዙር ፒክም አብረው ሰጥተዋል፤ ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

በመጀመሪያው ፒክ ጆሽ ጄከብስን መረጡ። ጎበዝ ሯጭ ሆነ፤ በ2022 ኳስ ይዞ በሮጠው ርቀት ሊጉን መራ። በሁለተኛው ዴመን አርኔት የሚባል ተከላካይ መረጡ። እሱን በሁለተኛ ሲዝኑ አሰናበቱት። ሁለት ፒክ፣ አንዱ ሰመረ፣ አንዱ ከሰመ። የሚገርመው ጄከብስም ውሉ ሲያልቅ ሄደ። የት ሄደ? ግሪን ቤይ። በ2025 ከፓርሰንስ ጋር አንድ ማልያ ለብሶ ተጫወተ። በማክ የተገዛው ሰው በመጨረሻ ፓከርስን አገለገለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሳስብ ስቄ እተዋለሁ።

ጃክሰንቪልም እንደዚያው ነው። በ2019 ጄለን ራምዚ የሚባል ኮከብ ተከላካይ ለራምስ ሰጥተው ሁለት አንደኛ ዙርና አንድ አራተኛ ዙር ፒክ ወሰዱ። ኬላቮን ቼሶንንና ትራቪስ ኤትየንን መረጡበት። ኤትየን ደህና ነው። ራምዚን ያክላል ወይ? አያክልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁልጊዜ ገዢው ነው የሚያተርፈው በለኛ!

መልስ፦ አልልህም። ራምስ አተረፈ፤ ራምዚን ይዞ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ሲንሲናቲን 23 ለ 20 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ በላ። ከ2017 እስከ 2023 አንድም ጊዜ አንደኛ ዙር ላይ አልመረጠም፤ ግድም አልሰጠው።

ቤርስስ? ማክ በመጣበት ዓመት 12 ጨዋታ አሸነፉ፤ ከተማው አበደ። ከዚያ በመጀመሪያው የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ) ጨዋታ በፊላደልፊያ 16 ለ 15 ተሸነፉ። የመጨረሻዋ ምት ቋሚውን መታች፣ ወርዳ አግዳሚውን መታች፣ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ማክ እያለ አንድም የፕሌይኦፍ ጨዋታ ሳያሸንፉ በ2022 ለቻርጀርስ በሁለተኛና በስድስተኛ ዙር ፒክ ሰጡት። ራምስ የሚያጫውት ኳርተርባክ ነበረው፤ ቤርስ አልነበረውም። ኮከብ ተከላካይ የሞላ ቡድንን ያስጨርሳል እንጂ የጎደለውን አይሞላም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዳላስ የገባሁት በሰማንያዎቹ ነው። ሄርሸል ዎከርን ሲሰጡም እንዲሁ ጮኸን ነበር። ኋላ ግን ሦስት ዋንጫ መጣ። ለምን ትቸኩላላችሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን እኔ በቪዲዮ ነው ያየሁት፤ ስለዚህ በትሕትና ነው የምከራከርዎ። በ1989 ለሚኒሶታ የተሰጠው ዎከር ተከላካይ ሳይሆን ሯጭ ቢሆንም፣ የትሬድ ሁሉ አባት እሱ ነው። የካውቦይስ ባለቤት ጄሪ ጆንስም ፓርሰንስን ሲሰጡ ያንኑ ነው ያነሱት። በተገኙት ፒኮች ኤሚት ስሚዝና ዳረን ውድሰን መጡ። የ1992፣ የ1993 እና የ1995 ሲዝን ዋንጫዎች ተከተሉ። ይሄን ማንም አይክድም።

ነገር ግን የ1989ኙ ካውቦይስ በ16 ጨዋታ አንድ ብቻ ነው ያሸነፈው። ከዜሮ ነበር የሚነሳው። ኳርተርባኩ ትሮይ ኤክማን ገና ጀማሪ ነበር። ፒኮቹን የሚመነዝራቸው ደግሞ አሰልጣኙ ጂሚ ጆንሰን ነበር፤ በድራፍት ገበያ እንደ መርካቶ ነጋዴ የሚያሰላ ሰው። የ2025ቱ ካውቦይስ ግን ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ቡድን ነው። ለኳርተርባክ ይሄን ያህል የምትከፍለው አሁን ለማሸነፍ ነው። በአንድ እጅ ለዛሬ እየከፈሉ በሌላው ለነገ መቆጠብ እኔ አይገባኝም። ጋሼ፣ ከዚያ ከ1995 ሲዝን ወዲህ እኮ ከሱፐር ቦውል በፊት ያለውን የኮንፈረንሱን ፍጻሜ እንኳን አላየንም።

ጥያቄ፦ የፓርሰንስ ወኪል ሙሉጌታ የሚባል ነው አሉ። የኛ ሰው ነው?

መልስ፦ ዴቪድ ሙሉጌታ። ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡ ናቸው። በሊጉ ስሙ ከሚፈራ ወኪሎች አንዱ ነው፤ የራምዚም ወኪል እሱ ነበር። በኤፕሪል 2025 ጄሪ ጆንስ ከፓርሰንስ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረናል፣ ወኪሉ ጉዳዬ አይደለም፣ ስሙንም አላውቀውም አሉ። ፓርሰንስ ወዲያው ለወኪሉ ጥብቅና ቆመ። እንደኔ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌ ሳይልኩ ሙሽራዋን ይዞ ለመሄድ መሞከር ነው። ቤተሰብ "ማንን አስፈቅዳችሁ?" ይላል። አለም።

ጥያቄ፦ እኔ ከኒው ጀርሲ ነኝ፣ የጄትስ ደጋፊ። ሁለቱን ኮከብ ተከላካዮቻችንን፣ ሶስ ጋርድነርንና ኩዊነን ዊሊያምስን፣ በአንድ ቀን አወጡብን። ላልቅስ ወይስ ልሳቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናንተ ጋ ልቅሶ አዲስ አይደለም፤ አትቀየሚኝ። ግን ከኛ ይልቅ የናንተ ትሬድ ይገባኛል። ኖቬምበር 4 ቀን 2025፣ የትሬድ ጊዜ በሚዘጋበት ቀን፣ ጄትስ ከስምንት ጨዋታ አንድ ብቻ ነበር ያሸነፈው። ጋርድነር ወደ ኮልትስ ሄደ፤ የ2026 እና የ2027 አንደኛ ዙር ፒክና አዶናይ ሚቸል የሚባል ተቀባይ መጣ። አዎ፣ አዶናይ፤ ሐበሻ ግን አይደለም። ጋርድነር በዚያው ክረምት የ120.4 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር። አንድ ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን እንዲህ ያለ ውድ ተከላካይ ምን ይሠራለታል?

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይሄን መንገድ ከዚህ በፊትም ሄዳችሁበታል። በ2020 ጀማል አዳምስን ለሲያትል ሰጥታችሁ ሁለት አንደኛ ዙር ፒክ ወሰዳችሁ። ከሲያትል በመጣችው በአንዷ ጋሬት ዊልሰንን መረጣችሁ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። ትሬዱ ሰመረ! ፕሌይኦፍ ግን ከ2010 ሲዝን ወዲህ አልገባችሁም። ፒኮቹ ኳርተርባክ ካላመጡ አምስት ዓመት ቆይተን እንደገና እዚሁ እንገናኛለን።

ጥያቄ፦ ቆይ ቆይ። ዊሊያምስን የወሰድነው እኛ ካውቦይሶች አይደለን? ፒኩን መልሰን ሰጠነው ማለት ነው?

መልስ፦ እሱን አለማንሳት ፈልጌ ነበር። አዎ። ለዊሊያምስ የ2026 ሁለተኛ ዙር፣ የ2027 አንደኛ ዙርና ማዚ ስሚዝን ሰጠን። ማዚ ስሚዝ ማለት በ2023 አንደኛ ዙር ላይ የመረጥነው ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ምራቂ ሆኖ ሄደ። ሒሳቡን ስትሠራው ፓርሰንስ ወጣ፣ ክላርክና ዊሊያምስ ገቡ፣ አንድ አንደኛ ዙር ፒክ ተረፈን፣ አንድ ሁለተኛ ዙር ጎደለብን። ሁለቱም የመሃል ተከላካዮች ናቸው። ከዳር ተወርውሮ ኳርተርባክ የሚያባርር ግን በነዚያ ትሬዶች አልተተካም።

ጥያቄ፦ ፒክ የዋጋ ተመን አለው?

መልስ፦ አለው። ያው ጂሚ ጆንሰን በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ያስወጣው ሰንጠረዥ ነው። የመጀመሪያዋ ፒክ 3,000 ነጥብ፣ 32ኛዋ 590። ዛሬ ቡድኖች የየራሳቸው አላቸው። የሚቀጥለው ዓመት ፒክ እንደ ዱቤ ስለሚታይ ዋጋው ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ፓርሰንስ ዲሴምበር ላይ የጉልበቱ ጅማት ተቀደደ። ስለዚህ ጄሪ ልክ ነበሩ፤ ክርክሩ ይዘጋ!

መልስ፦ አይዘጋም። ዴንቨር ላይ እስኪጎዳ ድረስ 12.5 ሳክ ነበረው። ጉዳቱን ኦገስት ላይ ማንም አያውቅም ነበር። ትሬድ የሚመዘነው በዕለቱ በሚታወቀው ነገር ነው፤ ያለዚያ ሁላችንም ሰኞ ጠዋት ነቢይ ነን። ፓከርስም ሩቅ አልሄደም፤ በመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ጨዋታ በቤርስ ተሸኘ። እኛ ደግሞ ፕሌይኦፉንም አላየነው።

በዚያው ልክ እናንተም አታጋንኑ። እዚህ እያለ "ፖድካስቱን ትቶ ይጫወት" ስትሉት የነበራችሁ ሰዎች ናችሁ አሁን መልአክ ያደረጋችሁት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።

ጥያቄ፦ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

መልስ፦ በ2024 እፈርምለት ነበር። ያኔ ሦስተኛ ሲዝኑን ጨርሶ ነበር፤ ሕጉ ይፈቅዳል። በዚያን ጊዜ በዚህ ቦታ ከሚጫወቱት ከፍተኛ ተከፋዩ ኒክ ቦሳ ነበር፣ በዓመት 34 ሚሊዮን። እኛ ስናመነታ በማርች 2025 ማክስ ክሮስቢ 35.5 ፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ማይልስ ጋሬት 40 ገባ። በጁላይ ቲ ጄ ዋት 41። ኦገስት ላይ ፓርሰንስ 47። ዓመት ሳይሞላ ገበያው ጥሎን ሄደ። ሰው የሚከራከረው ስለ ትሬዱ ቀን ነው፤ የኔ ብሽቀት ግን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ላይ ነው። አልከፍልም ካልክም እሺ፣ ማርች ላይ አውጣው። ያኔ ፒኮቹን ለዚያው ዓመት ድራፍት ታደርሳቸው ነበር። ጨዋታ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው የሚሸጥ ሰው ገዢው ያውቅበታል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። የፓርሰንስን 11 ቁጥር ማልያ ምን ላድርገው? 150 ዶላር ነው ያወጣሁበት።

መልስ፦ አታቃጥለው። የኔን ልጄ ወስዶት ፒጃማ አድርጎታል፤ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል።