የተቆጣ ስብ በኪኒን ይበርዳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከአዳማ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ዕድሜዬ 47፣ ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። በቅርቡ ምግብ ሳልቀምስ የተለካሁት ስኳር 118 ሆነ። ሐኪሙ ወገቤን በሜትር ሲለካኝ 106 ሴንቲ ሜትር አገኘና «የሆድዎ ስብ ተቆጥቷል፤ ስኳርዎን ከፍ ያደረገው እሱ ነው» አለኝ። እኔ ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ደግሞስ ተቆጥቶ ከሆነ ለወገቤ ሕመም የምውጠው ዳይክሎፌናክ ለምን አያበርደውም?

መልስ፦ በግ ሲታረድ አንጀቱ ላይ እንደ ነጠላ የተዘረጋውን ነጭ ሞራ አይተዋል። እኛም አለን። ሞራ ገላጭ ባልሆንም፣ ሞራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ይናገራል። የስብ ሕዋስ ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ይጨነቃል፤ አንዳንዱም ይሞታል። ያኔ ማክሮፋጅ የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ሬሳውን ሊያነሡ ይመጡና የቀረችውን የዘይት ጠብታ እንደ አክሊል ይከብቧታል። በ2003 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀጭን አይጦች ስብ ውስጥ ማክሮፋጆቹ ከመቶ ሕዋስ 10 አይሞሉም ነበር፤ እጅግ በወፈሩት ግን ከ50 አልፈዋል።

ችግሩ ዘበኞቹ ዝም ብለው አለመሥራታቸው ነው። ቲኤንኤፍ የሚባለውን ጨምሮ የሚረጩት ኬሚካል የኢንሱሊንን መልእክት ያደናቅፋል። ኢንሱሊን በደም ያለው ስኳር እንዲገባ የጡንቻውን በር ያንኳኳል፤ ውስጥ ያለው ግን በቅጡ አይሰማም። ቆሽት ኢንሱሊን እየጨመረ ለዓመታት ይሸፍነዋል፤ ሲደክመው 118 ይመጣል። ቁጣው እንደ ብጉንጅ የሚጠዘጥዝ ሳይሆን የተዳፈነ ፍም ስለሆነ አላመመዎትም።

የኪኒኑ ሐሳብ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በ1876 ኤብስታይን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ለስኳር ሕሙማን የአስፒሪን ዘመድ የሆነ መድኃኒት ሰጥቶ በሽንታቸው የሚወጣው ስኳር ቀንሶ ነበር። በእኛ ዘመንም ሳልሳሌት በተባለው ዘመዱ ተሞክሯል፤ ስኳሩ የወረደው ግን በጥቂቱ ነው፣ ወደ መደበኛ ሕክምናም አልገባም። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ስኳርዎን ሳያወርድ ጨጓራዎንና ኩላሊትዎን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትዎንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሆነ የሚውጡት፣ እባክዎ ይተዉት።

118 ገና የስኳር በሽታ አይደለም፤ መስመሩ 126 ነው። በ2002 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንደ እርስዎ ድንበሩ ላይ ያሉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን የተሰጣቸው በ31 በመቶ። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት ወደ 7 ኪሎ ነው።

ሾፌር መቼ ይራመዳል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ፀሐይዋ ጋብ ስትል፣ ከጋቢናው ወርደው 25 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ በሳምንት ስድስት ቀን ከሆነ 150 ሞላ። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ የኢንሱሊንን ማንኳኳት ሳይጠብቅ ስኳር ስለሚያስገባ፣ ሞራው እስኪበርድ እንኳ ጥቅሙን ያገኙታል። ከሦስት ወር በኋላ ስኳርዎን እንደገና ያስለኩ፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራም ይጠይቁ።