መልስ፦ ጎጆ የሚወጣው ወንድምህ ቤቱን የት ይሥራ?

ወንድሜ፣ «ታናሼ ጎጆ ሊወጣ ነው፣ ጅሩ ያለው የጤፍ ማሳችን ላይ ቤት ይሥራ ወይ?» ብለሃል። እባክህ ማሳውን አትንኩት! የጅሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። የአክስቴ ቤት በሦስት ዓመቱ እንዲህ ሆኗል፣ በጣም ያሳዝናል። ለጤፍና ለስንዴ ግን ያ አፈር ወርቅ ነው። ድንጋያማው ጉብታ ላይ ወይም ከወላጆቻችሁ ግቢ ጥግ ይሥራ። እዚያ ውሃ አይተኛም፣ መሠረቱም ይጸናል። መጀመሪያ ግን የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ያማክር።

ከጎረቤት ቦታ «እገዛለሁ» ካለህ አስቁመው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነገ ገንዘቡም ቤቱም ሊሄድበት ይችላል። የወላጆቻችሁ ግቢ ስንት በስንት ነው? ብትነግረኝ አብረን እናስብበታለን።