የኮቡርግን አርማ ማሊያ ላይ ለማተም ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ በጀርመኗ ኮቡርግ ከተማ አርማ ላይ ያለው ጥቁር ሰው ማን እንደሆነ፣ ስድብ ይሁን ክብር፣ ለማኅበራችሁ ማሊያ ብታትሙትስ ምን እንደሚመጣ ጠይቀሃል። ጀርመን ውስጥ በማሊያና በአርማ ጉዳይ የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ልንገርህ።

1. ሰውየው የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ሞሪትስ ነው። «ሐበሻ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ቀስ በሉ። በትውፊቱ ከግብፅ ቴብስ የመጣ የሮም ጦር አዛዥ ነው። ክርስቲያኖችን አላሳድድም በማለቱ፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዛሬዋ ስዊዘርላንድ ከነወታደሮቹ ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1240ዎቹ አካባቢ የተቀረጸውን የማግደቡርግ ካቴድራል ሐውልቱን ፈልገህ እይ። የብረት ጥሩር የለበሰ፣ ግርማ ያለው ጥቁር ወታደር ነው።

2. ስድብ ነው ወይ? ቅዱሱን አከብራለሁ፤ የኮቡርግን ሥዕል ግን አልወደውም። ከንፈሩም ጉትቻውም ሆን ተብሎ የተጋነነ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይቀየር የሚል ፊርማ ተሰባስቦ ነበር፤ ከተማዋ አልቀየረችም። ግን ይህንንም እወቅ፦ ኮቡርግ በ1929 ናዚዎች የከተማ ምክር ቤትን አብላጫ ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙባት የጀርመን ከተማ ናት። በ1934 ጥቁሩን ሰው አንሥተው ምልክታቸው ስዋስቲካ ያለበት ሰይፍ ተኩ። እሱ የተመለሰው እነሱ በ1945 ከወደቁ በኋላ ነው። ለዚህ ስል ብቻ እንኳ ይነሣ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

3. ማሊያው። እዚህ አገር የከተማ አርማ እንደ ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዝ ማተሚያ ቤት እንዳትሄድ! እኔ በምኖርበት ከተማ (ኮቡርግ አይደለም) የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ «ማን ያየናል» ብሎ አሳተመ። ደብዳቤ መጣ። ቴርሚን (ቀጠሮ) ይዤ ወደ ከተማው አስተዳደር ሄድኩ። ሠራተኛዋ ተቀመጥ እንኳ አላለችኝም። «ይህ የእናንተ አርማ አይደለም» አለችኝ። ግብር የምከፍልበት፣ ልጆቼ የተወለዱበት ከተማ! ጀርመንኛዬ ደግሞ አይታማም፤ «ታዲያ የማን ነው?» አልኳት። ቅጽ ገፋችልኝ።

ማሊያዎቹ ካርቶን ውስጥ ቀሩ። ቅጹን ግን እኔው ሞላሁ። የማሊያውን ንድፍ አያያዝኩ፣ ብዛቱንና ለሽያጭ እንደማይውል ጻፍኩ፣ የማኅበሩን ምዝገባ ወረቀት ጨመርኩ። ፈቃዱ በፖስታ መጣልን። አንተም እንደዚያው አድርግ። ገንዘብ ያዣችሁንም ከዚህ ሥራ አርቀው።