«መከላከያው ተለካ» ይባላልን?

ከደሴ የጻፉልን የጤና ባለሙያ እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባት ስለ ወሰዱ ሕፃናት ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ‹ከክትባቱ በኋላ መከላከያቸው ተለካ› ብዬ ነበር። ባልደረባዬ ‹መከላከያ የጦር ሠራዊት ነው፤ በሽታ የመከላከል ዐቅም ይባል› አለኝ። የማናችን ይጽና?»

ባልደረባዎ በ«መከላከያ» ላይ ያነሡት ተቃውሞ አያስኬድም። በ«መ—ያ» የሚወጣ ስም የድርጊቱን መሣሪያ ወይም ስፍራ ስለሚያመለክት፣ ሠራዊቱ በዚህ ስም መጠራቱ ሌላው የሚከላከል ነገር ሁሉ እንዳይጠራበት አያግድም። ቃሉን ከ«ከለለ» የሚያወጡ አሉ፤ ነገር ግን ከ«ከለለ» የሚገኘው «ተከለለ» ነው። «ተከላከለ» የ«ከለከለ» ልጅ ነው፤ ዘመዱም የግእዙ «ከልአ» ነው።

እኔን ያሳሰበኝ «ተለካ» የሚለው ግሥ ነው። በአማርኛ እህል ይሰፈራል፣ ቅቤ ይመዘናል፣ ከብት ይቆጠራል፣ ሸማ ይለካል፤ እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ተሳቢ ያውቃል። «ዛሬ የደም ግፊትም ሙቀትም ስለሚለካ ልዩነቱ ቀርቷል» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ግፊቱና ሙቀቱ ግን በመሣሪያ ላይ የሚነበብ ልክ አላቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚሰጠው ጥበቃ እንዲህ ያለ ልክ እስካሁን አልተገኘለትም። በቱበርክሊን ምርመራ ከነቀርሳው ባክቴሪያ የተወሰደ ፕሮቲን በቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ከቆየ በኋላ የጠጠረው እብጠት ስፋት በሚሊሜትር ይለካል፤ በደም ምርመራም ሴሎች የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው ንጥረ ነገር ይለካል። ሁለቱም የሰውነት ምላሽ ናቸው፤ እብጠቱ የሰፋ ልጅ ከበሽታው ይበልጥ ተጠብቋል ማለት አይቻልም። ጥበቃው የሚታወቀው የተከተቡትንና ያልተከተቡትን ለዓመታት ተከታትሎ የታመሙትን በማነጻጸር ስለ ሆነ፣ ይገመታል ወይም ይሰላል እንጂ ከአንድ ልጅ ክንድ ላይ አይለካም። ግምቱም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም፤ ቢሲጂ ሕፃናትን በነቀርሳው ከሚመጣ ማጅራት ገትርና በሰውነት ከሚሠራጨው የነቀርሳ ዓይነት በደንብ ሲጠብቅ፣ የአዋቂዎችን የሳንባ ሕመም በመከላከል ረገድ ግን ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል።

«ክትባት» የሚለውን ቃልም ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። «ከተበ» መብጣት ብቻ ነው፣ ከመጻፍ ጋር አይገናኝም የሚሉ አሉ፤ እኔ አንድ ቃል ነው እላለሁ። ክ-ት-ብ በዐረብኛም በዕብራይስጥም መጻፍ ነው፤ በወሎ ሼሁም ደብተራውም ጽፈው የሚሰጡት፣ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም ከዚሁ ሥር ነው። የጥንቱ የፈንጣጣ ከታቢ ቆዳ ይጭር ነበርና በገላ ላይ እንደ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ለሰው የተሰጠው ቢሲጂ (የካልሜትና የጌራን ክትባት) ደግሞ ዛሬ በጡንቻ ሳይሆን በቆዳ ውስጥ ተወግቶ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ስለሚተው፣ ስሙ ከክትባቶች ሁሉ ለእርሱ ይበልጥ ይስማማዋል። ስለዚህም በደሴ እናቶች «አስወጋሁት» ከማለት «አስከተብሁት» ቢሉ ደስ ይለኛል። ጠባሳው ግን ልጁ መከተቡን ይናገራል እንጂ መጠበቁን አያረጋግጥም፤ ጠባሳ ያልወጣለት ልጅም ክትባቱ አልሠራለትም አይባልም፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ለዚህ ሲባል ድጋሚ እንዲከተብ አይመክርም።

«በሽታ የመከላከል ዐቅም» የሚለው ሐረግ ለጆሮዬ ይከብደኛል፤ «መከላከያ» አጭርና ሙሉ ነው። ይሁን እንጂ የጤና ጽሑፎች ረጅሙን እንደ ለመዱትና አንባቢም በእርሱ እንደሚግባባ አልክድም፤ በዚህ ባልደረባዎን ቢከተሉ አልቃወምም። ግሡን ግን አልለቅም። የለኩት እብጠቱን ወይም ኢንተርፌሮኑን ከሆነ፣ «ሕፃናቱ ለክትባቱ የሰጡት ምላሽ ተለካ» ብለው ይጻፉ።