ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ይዞ ፕራግን በአንድ ቀን

እህቴ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት እናትሽ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ከፋሲካ በኋላ ከቪየና ወስደሽ ፕራግን ልታሳያቸው እንዳሰብሽ ጽፈሻል። «አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን፣ የቱን እንይ፣ የቱን እንተው?» ላልሽው፦ ዳገቱን በትራም ውጡ፣ ቁልቁለቱንም በትራም ውረዱ፣ የእማማን እግር ለቻርልስ ድልድይ ቆጥቢላቸው። ሰዓቱንም ዓመተ ምሕረቱንም የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው ዳገቱ ላይ ያለውን የፕራግ ቤተ መንግሥት አይታችሁ በእግር ወደ ወንዙ ውረዱ ይላል። ለጤነኛ ሰው ግሩም ነው፤ ለታመመ ጉልበት ግን ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ኔሩዶቫ የሚባለው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፣ ለዚያውም ኮብልስቶን። በምሥራቅ በኩል ያለው መውረጃ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። ስለዚህ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በሜትሮ ሲ መስመር ሁለት ፌርማታ ሄዳችሁ ኢ. ፔ. ፓቭሎቫ ላይ ውጡና 22 ቁጥር ትራም ያዙ። የምትወርዱት ፕራዥስኪ ህራድ በሚለው ፌርማታ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ማሎስትራንስኬ ናምየስቲ ፌርማታ ላይ ሰው ሲግተለተል አይታችሁ እንዳትከተሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ቅርብ ይመስላል እንጂ መሀል ላይ ዳገቱ ይጠብቃችኋል። ከትክክለኛው ፌርማታ ግን ሜዳ በሆነ መንገድ በጥቂት ደቂቃ ሁለተኛው ግቢ ትገባላችሁ።

በር ላይ ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል ሰልፉ ሳይረዝም፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ግቢው በነፃ ነው፤ ካቴድራሉን ዘልቆ ለማየት ግን ቲኬት ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ጎብኚ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። የቅዱስ ቪቱስ ካቴድራል በ1344 ተጀምሮ ያለቀው በ1929 ነው፤ ከፊት የምታይዋቸው ሁለት ማማዎች አሮጌ ይምሰሉ እንጂ ከኋላው ክፍል ጋር ሲነጻጸሩ የትናንት ናቸው። በግራ በኩል የቼኩን ሠዓሊ የአልፎንስ ሙካን ባለቀለም መስኮት ሳታዩ አትውጡ። ወርቃማው ጎዳና የሚሉትን እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ያለው በታችኛው ጫፍ ስለሆነ ወደ ትራሙ ስትመለሱ እንደገና ሽቅብ ነው።

በመጣችሁበት በር ወጥታችሁ በ22 ቁጥር ሦስት ፌርማታ ውረዱ፤ አሁን ማሎስትራንስኬ ናምየስቲ ናችሁ። ምሳ ከአደባባዩ ራቅ ባለ መንገድ ፈልጉ። በሥራ ቀናት ከ11 እስከ 14 ሰዓት ብዙ ቤቶች «ፖሌድኒ መኑ» የሚሉት ረከስ ያለ የቀኑ ምግብ አላቸው። ወቅቱ ሃምሳው ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አያስጨንቃችሁም፤ የሚያስቸግረው አሳማ ነው፣ የማይገባበት ምግብ ጥቂት ነው። «ሆቭየዚ» የበሬ፣ «ኩርዤ» የዶሮ፣ «ቬፕርዦቬ» የአሳማ ነው። ጉላሽ ከበሬም ከአሳማም ስለሚሠራ ጠይቂ። ስቪችኮቫ የሚሉት በክሬም ስጎ የሚቀርብ ሥጋ የበሬ ቢሆንም አንዳንድ ቤት ሥጋው ውስጥ የአሳማ ጮማ ይሰካበታል።

ከምሳ በኋላ ወደ ካምፓ ደሴት ሄዳችሁ መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እረፉ። ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ለጀልባ አድርጉት፤ ተቀምጦ ከተማውን ማየት ለእማማ ከምንም ይሻላል። ትናንሾቹ ጀልባዎች ከቻርልስ ድልድይ ሥር ይነሳሉ። ግን ቲኬት ከመግዛትሽ በፊት ወደ ጀልባው የሚያስወርደውን ደረጃ ሄደሽ እይው።

ድልድዩን ወደ ማምሻው አቆዩት። እኩለ ቀን ላይ ሰው ከሰው ተጣብቆ ነው የሚሄደው፣ ኪስ አውላቂውም ያኔ ነው የሚሠራው። ርዝመቱ 516 ሜትር ነው፣ መሀል ላይ አረፍ የሚባልበት አግዳሚ የለም፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት እረፉ። በ1357 በንጉሥ ቻርልስ 4ኛ ዘመን ነው የተጀመረው። ዳርና ዳር ካሉት 30 ሐውልቶች አብዛኞቹ ቅጂ ናቸው፣ ዋናዎቹ ተነሥተዋል። ከካምፓ በኩል ስትመጡ መሀል አካባቢ በስተግራ የኔፖሙኩ ቅዱስ ዮሐንስ አለ፤ በ1393 ከድልድዩ ወደ ወንዙ የተወረወረው ካህን ነው። ሐውልቱ ጥቁር ነሐስ ነው፤ ከእግሩ ሥር ያሉት ሁለት የነሐስ ሥዕሎች ግን ሰው ሲዳብሳቸው ስለኖረ የተነካው ቦታ ብቻ ወርቅ መስሎ ያበራል።

ጉልበት ከተረፈ በካርሎቫ መንገድ ወደ አሮጌው አደባባይ ዝለቁ። ከ1410 ጀምሮ ያለው ሰዓት በየሰዓቱ ሐዋርያትን ያሳልፋል፣ ግን ትርኢቱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ ለእሱ ብላችሁ ቆማችሁ አትጠብቁ። ይልቅ የውጨኛውን ቀለበት አሳያቸው፦ ከ1 እስከ 24 የሚቆጥረው ከፀሐይ መጥለቂያ ተነሥቶ ነው። ምሽት 12 ሰዓት ብሎ ቀጥሎ 1 ለሚል ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ገንዘቡ ኮሩና ነው፣ ዩሮ የሚቀበል ሱቅ በራሱ ምንዛሪ ነው የሚያሰላው። ከባንክ ኤቲኤም አውጪ፤ ማሽኑ «በዩሮ ላስላልሽ?» ሲል እምቢ በይ። ምንዛሪ ቤት ከተታለልሽ፣ እስከ 1000 ዩሮ የሚደርሰውን በሦስት ሰዓት ውስጥ ማሰረዝ በሕግ መብትሽ ነው፣ ደረሰኙን አትጣይ። አደባባዩ ላይ በእሳት የሚጠበሰው ሃም የተለጠፈበት ዋጋ የ100 ግራም ነው፤ ሻጩ ሦስትና አራት እጥፍ ቆርጦ ይመዝናል (አሳማ ስለሆነ ለእናንተ ችግሩ ቀሏል)።

የወረቀት ቲኬት ሜትሮው መግቢያ ላይ ወይም ትራሙ ውስጥ ባለው ቢጫ ሳጥን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ካልተመታ ቅጣት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከተመታም ዋጋ የለውም። ትራም ውስጥ በካርድ የሚገዛው ግን ተመትቶ ነው የሚወጣው። ተቆጣጣሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ዩኒፎርም አይለብሱም። ለመመለሻ ከስታሮምየስትስካ በኤ መስመር እስከ ሙዜኡም፣ ከዚያ በሲ መስመር አንድ ፌርማታ፤ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ትወጣላችሁ። የእማማ ፓስፖርት ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን፣ ባቡሩ ላይ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል።