መልስ፦ ከአውስትራሊያ ውጭ የሚኖር ትንሽ ባለኪስ እንስሳ

«ልጆቻቸውን በኪስ የሚያሳድጉ እንስሳት ያሉት በአውስትራሊያ ብቻ ነው ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ አይደለም፤ በአሜሪካ አህጉራትም ብዙ ዝርያዎች አሉ። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደውን ላስተዋውቅዎት፤ ሞኒቶ ዴል ሞንቴ ይባላል።

የሚኖረው በደቡብ ቺሊና በአጎራባቹ የአርጀንቲና ክፍል በሚገኘው ቀዝቃዛና ዝናባማ ደን ነው። አይጥ ያክላል፤ ክብደቱ 50 ግራም አይሞላም። ሌሊት ከዛፍ ዛፍ እየተዘዋወረ ነፍሳትና ፍራፍሬ ይለቅማል። ጎጆውን በቀርከሃ ቅጠል ይሠራል፤ በብርዱ ወራት ጅራቱ ሥር ያጠራቀመውን ስብ እየተመገበ ለረጅም ጊዜ ይተኛል። የሚደንቀው ደግሞ፣ በዝምድና ኦፖሰም ከሚባሉት ከሌሎቹ የአሜሪካ ባለኪስ እንስሳት ይልቅ ለካንጋሮ ይቀርባል፤ ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ በጥንት ዘመን የተያያዙ ነበሩና።

በዚያ ደን ቀይ አበባ ያለው ተቀጽላ ዛፍ ላይ ይበቅላል። ሞኒቶ ፍሬውን ይውጣል፤ ዘሩ በአንጀቱ አልፎ ከኩሱ ጋር ቅርንጫፍ ላይ ሲጣበቅ ይበቅላል። በአንጀቱ ያላለፈው ዘር አይበቅልም ለማለት ይቻላል። ተቀጽላው ደግሞ ምግብ በሚጠፋበት በብርዱ ወቅት አብቦ ሀሚንግበርድ የተባለችውን ወፍ ይመግባል። የአንድ ደን ሕይወት በትንሹ ሞኒቶ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ይመልከቱ!

ሆኖም በ1894 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ቢታወቅም፣ ዝርያው አንድ ይሁን ከዚያ በላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን በቺሊ የተፈጥሮ ደኑ እየተመነጠረ ጥድና እኛም የምናውቀው ባሕር ዛፍ መተከሉ ነው።