በቢጎዲን የተጠቀለለ ፀጉር ለምን ቶሎ ይፈታል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማታ ፀጉርሽን ታጥበሽ በቢጎዲን ትጠቀልያለሽ። ጠዋት ስትፈቺው ቆንጆ ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ግን ከርሉ ይዘረጋና ጫፉ ብቻ ተጣሞ ይቀራል። «ጄል ልጨምር ወይስ በከርል ማሽን ልሥራው?» ብለሻል። ብዙዎች የጄል ዓይነት ጠቁመውሻል። እኔ ሥራዬ ፀጉር መሥራት ስለሆነ ይሄን ችግር ሁልጊዜ አየዋለሁ። ጄሉን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ፀጉርሽ እንዴት እንደሚደርቅ እንይ።

ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ቅርጹን የያዙት የሃይድሮጂን ማያያዣዎች ይላቀቃሉ። ሲደርቅ ደግሞ በደረቀበት ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። በእርጥቡ ታጥፎ የደረቀ ልብስ መስመሩን ይዞ እንደሚቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ከርሉን የሚሠራልሽ ፀጉሩ ቢጎዲኑ ላይ እንዳለ የሚደርቅበት ሰዓት ነው። ውስጡ ትንሽ እርጥበት ቀርቶ ከፈታሽው ያ እርጥብ የነበረው ክፍል የሚደርቀው ተንጠልጥሎ ነው። ተንጠልጥሎ የደረቀ ፀጉር ቀጥ ይላል፤ በቃ።

«ሌሊቱን ሙሉ አድሮማ ደርቋል» ትዪ ይሆናል። ሁሌ አይደርቅም። የጥቅሉ ውጪ ይደርቅና ወደ ቢጎዲኑ የተጠጋው ሽፋን እርጥብ ሆኖ ያድራል። ከማጅራት በላይ ያለውማ ትራስ ላይ ተጭኖ ስለሚያድር አየር አያገኝም። ሁሉንም ከመፍታትሽ በፊት ከዚያ አካባቢ አንዱን ብቻ እስከ ግማሽ ፍቺው። ፀጉሩን በጣትሽ ሳይሆን በጉንጭሽ ንኪው። ጉንጭ ቅዝቃዜ ቶሎ ይሰማዋል። ቀዝቀዝ ካለሽ ገና ነው፤ መልሰሽ ጠቅልዪውና በፎን ወይም በካስክ (ጭንቅላት ላይ በሚደፋው ማድረቂያ) አድርቂው። እኔ ደንበኛ ከካስክ ሳወጣ መጀመሪያ የማየው ያንን ቦታ ነው። ግንባር ላይ ያለው ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሰውንም የሚያታልለው እሱ ነው።

መድረቁ ቀላል እንዲሆን ውሃ እየተንጠባጠበ አትጠቅልዪ። ከታጠብሽ በኋላ ለስላሳ ጨርቅ ጠምጥመሽ ውሃውን አስመጥጪ፤ በፎጣ አትፈትጊው። ከዚያ እርጥበቱ ብቻ እስኪቀር ጠብቂ። ነካ ስታደርጊው እጅሽ ላይ ውሃ የማይቀር ከሆነ ደርሷል። በጣም ከደረቀ ደግሞ ቅርጽ አይቀበልም፤ ያኔ በውሃ መርጫ ፍፍፍ አድርጊበት።

አከፋፈሉ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ለአንድ ቢጎዲን የምትወስጂው ፀጉር ስፋት ከቢጎዲኑ ርዝመት መብለጥ የለበትም። ውፍረቱም ከዲያሜትሩ አይብለጥ። ብዙ ፀጉር አንድ ላይ ከጠቀለልሽ ከውጪ ያለው ቢጎዲኑን ጨርሶ አይነካውም። በማበጠሪያ ከሥሩ እስከ ጫፉ አበጥሪው፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሪ።

ጫፉ ላይ ቆም በይ። ጥቂት ፀጉሮች ወደ ኋላ ታጥፈው ከተጠቀለሉ ስትፈቺው እንደ መንጠቆ የተሰበረ ጫፍ ይወጣል፣ በእጅሽ ብታስተካክዪውም እምቢ ይላል። ተጣሞ ይቀራል ያልሽው ይሄ ይመስለኛል። መፍትሔው አንዲት ቁራጭ ስስ ወረቀት ናት። ወረቀቷን ጫፉ ላይ እጠፊያት፣ ከፀጉሩ ትንሽ አሳልፈሽ ያዣት፣ መጀመሪያ ወረቀቷ ቢጎዲኑን ትንካ። ከዚያ በኋላ ፀጉሩ ተደርድሮ ይገባል። ስትጠቀልዪ ጥብቀቱ እኩል ይሁን፤ ግን ቆዳሽን እስኪስብ አታጥብቂ። ሥር ላይ የሚያም ከሆነ ፍቺና እንደገና ጠቅልዪ። በተደጋጋሚ የሚሳብ ፀጉር ከግንባር ጀምሮ ይሳሳል።

የቢጎዲኑ መጠንም አለ። ሲፈታ ከርሉ ከቢጎዲኑ ሰፋ ይላል፣ ቀኑ እየሄደ ሲመጣ ደግሞ ይብስ ይሰፋል። ስለዚህ ከምትፈልጊው ከርል አንድ ቁጥር ያነሰ ምረጪ። ፀጉርሽ ሉጫና ረጅም ከሆነ ክብደቱም ስለሚጎትተው ይሄ ግድ ነው። ከርዳዳ ከሆነ ግን ወደ ትልቁ ሂጂ፤ ፀጉሩ ራሱ የመጠቅለል ጉልበት አለው።

ስትፈቺ አትጎትቺ። ከጠቀለልሽበት አቅጣጫ በተቃራኒው እያዞርሽ አውጪው። ካስክ ወይም ፎን ከተጠቀምሽ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ቢጎዲኑ ላይ ይቆይ። ትኩሱን ከፈታሽው ቅርጹ ገና አልጠናም። ከዚያ ማበጠሪያ አትንኪ፤ በጣትሽ ብቻ ክፈዪው። ቅባት ከፈለግሽ መዳፍሽ ላይ አሻሽተሽ በመጨረሻ ጫፉን ብቻ ንኪበት። ከመጠቅለልሽ በፊት የተቀባ ብዙ ቅባት ፀጉሩን ያከብደዋል።

ማሽን ያልሽው ክፋት የለውም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ፀጉሩ ጨርሶ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ፀጉር ላይ ትኩስ ብረት ካሳረፍሽ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይቀየርና ፀጉሩን ከውስጥ ያቆስለዋል። «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ አቁሚ። መጀመሪያ ከሙቀት የሚከላከለውን ቅባት ወይም ስፕሬይ ተጠቀሚ፣ እሱም ይድረቅ። ቀጭን ወይም ቀለም የተቀባ ፀጉር ከሆነ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሪ። ወፍራም ከሆነ 180 ድረስ ይቻላል። 200 ማለፍን አልመክርም። አንድ ጥቅል ላይ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ደጋግሞ ከማለፍ አንዴ በደንብ መሥራት ይሻላል። ከብረቱ ስታወጪው መዳፍሽ ላይ እንደተጠቀለለ ያዢው ወይም በፒን አስሪው፣ እስኪቀዘቅዝ። የሚቆየውን ከርል ከማይቆየው የሚለየው ይሄ ነው፣ ሰው ግን ይዘለዋል።

ጄል መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሙስ (አረፋ የመሰለው የፀጉር ማስያዣ) ወይም ቀለል ያለ ጄል እርጥቡ ላይ በትንሹ ከቀባሽ ቅርጹን ይደግፋል። በደንብ ያልደረቀ ፀጉርን ግን አያድንም፤ እንዲያውም ብዙ ከሆነ ማድረቁን ያዘገያል። ዝናብና እርጥበት ያለው አየርም ማያያዣዎቹን መልሶ ስለሚያላላ በእንዲህ ያለ ቀን ከርሉ ቶሎ ቢፈታ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ማታ ፀጉርሽን ወደ አናትሽ ሰብስበሽ ላላ አድርገሽ እሰሪ፣ የሳቲን ሻሽ ጣል አድርጊበት፤ ለነገም ይተርፋል።

ፐርም የመከረችሽም አለች። ፐርም፣ ማለትም ፀጉርን በኬሚካል ከርል ማድረግ፣ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ኬሚካሉ የሚሰብረው ጠንካራዎቹን የሰልፈር ማያያዣዎች ነው፤ ከዚያ በሁለተኛው ፈሳሽ በአዲሱ ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። ታጥበሽ አይጠፋም፤ ካልወደድሽው ደግሞ እስኪያድግ ትጠብቂያለሽ። በሪላክሰር የተለሰለሰ ፀጉር ላይ ጭራሽ አይሞከርም፤ ይሰባበራል። ያንቺ ፀጉር ሪላክሰር ነክቶት ያውቃል? ርዝመቱና የቢጎዲንሽስ መጠን? ጻፊልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እንመርጣለን።